መስከረም ሲጠባ አፍንጫዬ ይዘጋል፤ ያለ ኪኒን ምን ታደርጋላችሁ?

ይማርሽ_የሰለቻት፦

ሰላም ቤቶች። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው የምኖረው። በየዓመቱ ክረምቱ ወጣ ሲባል የኔ ፍዳ ይጀምራል። ሰው እንኳን አደረሰህ አደረሰሽ ሲባባል እኔ አስነጥሳለሁ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ ይመጣል፣ ከዚያ አፍንጫዬ እስከ ምሳ ሰዓት እንደ ተበላሸ ቧንቧ ሲፈስ ይውላል፣ ማታ ደግሞ ድፍን ብሎ በአፌ ነው የምተነፍሰው። ዓይኔ ይበላኛል። ላንቃዬ ሳይቀር ይበላኛል። በምላሴ ሳከው "ቅ ቅ" የሚል ድምፅ ስለማወጣ ባሌ እንቁራሪት ይለኛል።

ትናንት ታክሲ ውስጥ የመጀመሪያዋን ሳስነጥስ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "ይማርሽ!" አለኝ። ሁለተኛዋ ላይ ሁለት ሰው ቀረ። አራተኛዋ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዝም ብለው መስኮቱን ከፈቱት። ነፋሱ ሲገባ ደግሞ የባሰ ለቀቀብኝ።

ሰው ሁሉ "ሳይነስ ነው" ይለኛል። ትኩሳት የለኝም፣ ፊቴንም አያመኝም። ከፋርማሲ የገዛሁት ኪኒን ይሠራል፣ አልዋሽም፣ ግን እንቅልፍ ይጥልብኛል። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ጭልጥ ብዬ አለቃዬ ነው የቀሰቀሰኝ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቀሽ አፍንጫሽ ውስጥ ጠብ አድርጊ ትላለች። እህቴ ባሕር ዛፍ ታጠኚ ትላለች። የቢሮ ልጆች ደግሞ በባዶ ሆድ ማር። ሁሉንም በአንድ ቀን ብሞክር ምን እንደምሆን እንጃ። በራሳችሁ ላይ አይታችሁ የጠቀማችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ እስቲ።

የብርድ_አገር_ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ችግርሽን እንደ ራሴ ነው የማውቀው። ሌላውን ሁሉ ተዪና በጨውና በውሃ ጀምሪ። ስትሰሚው የሚያስቅ ነገር ነው፣ እኔም ስቄ ነበር።

መጀመሪያ ግን የሠራሁትን ጥፋት ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። አፍንጫ የምትከፍት ጠብታ አለች አይደል? አንድ ጠብታ አድርገሽ ሳትጨርሺ አፍንጫሽ በር የሚሆንልሽ። እሷን ገዛሁና ወደድኳት። ለሦስት ቀን የተባለችውን አራት ወር ተጠቀምኩባት። በኋላ ጠብታዋ ካልገባች አፍንጫዬ ጭራሽ አልከፈት አለ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቼ በስልክ መብራት ብልቃጥ እፈልግ ነበር። ሐኪሙ ያደፈነህ አሁን አለርጂው ሳይሆን ጠብታው ነው አለኝ። እስክላቀቃት ሁለት ሳምንት ፍዳዬን አየሁ።

እሱ ነው እንግዲህ ጨው ውሃውን ያሳየኝ። ግማሽ ሊትር ውሃ ታፈያለሽ። መፍላት ሲጀምር ወዲያው አታውጪው፣ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ የኛ አገር ከፍታ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው ከመቶ ዲግሪ በታች ነው። ከዚያ ለብ እስኪል ታቀዘቅዢዋለሽ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ያልተቆለለ፣ ልሙጥ የሆነ። ካለሽ ቤኪንግ ሶዳ ቆንጠር አድርጊበት፣ ማቃጠሉን ይቀንሰዋል። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ያለ መርፌ ትገዣለሽ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ገንዳው ላይ ጎንበስ፣ ራስሽን ወደ ጎን ዘንበል፣ አፍሽን ክፍት። በላይኛው አፍንጫ ቀስ አድርገሽ ትገፊዋለሽ፣ በታችኛው ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን እንደሰጠምሽ ይሰማሻል፣ ዓይንሽ ያለቅሳል፣ ማን እንዳየሽ ዞር ብለሽ ታያለሽ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጥርስ እንደ መፋቅ ነው። ሲጨርሱ ሁለቱንም ቀዳዳ ይዞ በኃይል መናፈጥ ግን የለም፣ ወደ ጆሮ ይሄዳል። እኔ ማታ ከሥራ ስገባ አንዴ ነው የማደርገው፣ ሲብስብኝ ጠዋትም እጨምራለሁ። ውሃውን በየቀኑ አዲስ አዘጋጂ፣ ሲሪንጁንም አጥበሽ አድርቂው።

ከቧንቧ በቀጥታ ቀድቶ አፍንጫ ውስጥ መክተት ፈጽሞ አይደረግም። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለአፍንጫ አይሆንም።

እትዬ_ጤናዳም፦

ልጄ፣ እግዜር ይማርሽ። እዚህ ቤት ታላቅ እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ትንሽ ልናገር።

እናትሽን ውደጃት ግን ዳማከሴውን አፍንጫሽ ውስጥ አታድርጊ። ዳማከሴ ለምች ነው። እናቶቻችን አሽተው ያሸቱናል፣ ገላ ይቀቡናል፣ ቡና ላይ ጠብ ያደርጉልናል። እኔ በልጅነቴ አፍንጫዬ ውስጥ ጨምቀውብኝ እስከ ዛሬ ሲነሳ ያቃጥለኛል። ለማስነጠስ መድኃኒት ነው ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የምጠቀመው ጥቁር አዝሙድ ነው። ሞቅ ሞቅ አድርጌ፣ በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ቋጥሬ፣ በመዳፌ አሸት አሸት አድርጌ አሸታለሁ። ከፍት ያደርግልኛል። ማታ ዝንጅብል በማር አፍልቼ እጠጣለሁ፣ ጉሮሮዬን ያለሰልሰዋል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፣ ብትስቂም ሳቂ። በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ስታመም ሃያ ዓመት አለፈኝ። ብርድ ነው እል ነበር። ልጄ ናት አንድ ቀን "እማዬ፣ ሌላ ቀን አያስነጥስሽም፣ ቡና ስታፈዪ ነው" ያለችኝ። እውነትም አቦሉ ሳይወርድ ነው የሚጀምረኝ። ሳሎን ሙሉ ሳር ተጎዝጉዟል፣ ከሰሉ ይጨሳል፣ ዕጣኑ ይንቦለቦላል፣ መስኮት ዝግ፣ እኔ መሐል ላይ በርጩማ ላይ! ምን ይሁን ታዲያ አፍንጫዬ?

አሁን ቡናዬን በረንዳ ላይ ነው የማፈላው። ዕጣኗን አልተውኳትም፣ ያለሷ ቡና ቡና አይለኝም፣ ግን ቁንጥር ታህል ነው፣ እሷም ከኔ ራቅ ብላ። የታጨደ ሳር ቤቴ አይገባም። ቄጠማ ብቻ፣ እሱም ውሃ ተርከፍክፎበት፣ በማግሥቱ ተጠርጎ ይወጣል። ከዚህ ወዲህ እንቁጣጣሽን እንደ ሰው ነው የማከብረው።

ነጭ_ጋዋን፦

ፋርማሲስት ነኝ። እትዬ ያሉት ላይ ብዙም የምጨምረው የለኝም፣ የብርድ አገሩም ልጅ ስለ ጠብታዋ ያለው ልክ ነው፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ አትወሰድም። በየቀኑ ባንኮኒዬ ላይ የማየው ጉዳይ ስለሆነ ግን ጥቂት ነገር ላስተካክል።

አንደኛ፣ መስከረም ላይ ሲያስነጥሰው ሰው ሁሉ በአደይ አበባ ያሳብባል፤ እሷን ተዋት፣ ምስኪን ናት። የሷ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፣ በንብ ነው የሚጓዘው እንጂ በነፋስ አይበተንም። እሷ ስታብብ አብሮ የሚያብብ፣ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሳሩ ነው። ሰርዶው፣ ሰንበሌጡ፣ መንገድ ዳር የበቀለው ሁሉ። የሳር አበባ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ንብ የመጥራት ፍላጎትም የለውም፣ ሥራውን ለነፋስ ነው የሰጠው። ክረምት ሙሉ ውሃ ጠጥቶ አድጎ ጸሐይ ስትወጣ ብናኙን ይለቀዋል። ያ ነው አፍንጫሽ የሚገባው። ሰውነትሽ ጠላት መጣ ብሎ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይረጫል፣ ማስነጠሱም ማሳከኩም ከዚያ ነው። ሴትዮዋ መስኮት ሲከፍቱ የባሰብሽ ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ?

ሁለተኛ፣ አገሩ ሁሉ ሳይነስ የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሳይነስ አይደለም። የሚያሳክክ ከሆነ፣ ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭን ከሆነ፣ በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚመጣ ከሆነ አለርጂ ነው። ፊት ላይ ከባድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ወፍራም መግል ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሐኪም ይይሽ። ደረትሽ ሲር ሲር ካለ ወይ ሌሊት ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቂ። አለርጂና አስም ጎረቤት ናቸው። እዚህ ላይ በባሕላዊ ነገር ጊዜ የሚያባክን ሰው በጣም ያናድደኛል፣ ይቅርታ።

ባሕር ዛፍ መታጠን። ለጊዜው ደስ ይላል፣ እኔም አደርገዋለሁ፣ ግን ብናኙን አያጥብም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የፈላ ድስት ላይ መደፋት ደግሞ አደጋ አለው፣ ድስቱ ተገልብጦ ጭኗ የተላጠ ልጅ አይቻለሁ። ሕፃን በፍጹም አይታጠንም። ከፈለግሽ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ ለቀሽ እንፋሎቱ ውስጥ ቁጭ በይ፣ ያው ነው።

ማር። ጣፋጭ ነው፣ ጉሮሮ ያለዝባል፣ ሳልም ያስታግሳል። አለርጂ ያድናል የሚባለው ግን እምብዛም አያስኬድም፣ ንብ የምትሰበስበው የአበቦችን ብናኝ ነው፣ አንቺን የሚያስነጥስሽ ደግሞ የሳሩ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ ይህን የማያውቅ ብዙ ወላጅ ስላለ ነው የማነሳው።

ጥቁር አዝሙዱ ላይ ከእትዬ ጋር አልጣላም። ትንንሽ ጥናቶች ላይ ዘይቱ ጥቂት እንደሚረዳ ታይቷል፣ ማሽተቱም ጉዳት የለውም። ዱቄቱን አፍንጫ ውስጥ መንፋት ግን አይሆንም።

ርካሽ ነገር ልጨምርልሽ፦ ቫዝሊን። ከቤት ስትወጪ በጣትሽ ጫፍ በአፍንጫሽ ቀዳዳ ዙሪያ ስስ አድርጊበት። ብናኙ እዚያው ይጣበቃል። ስትመለሺ ትጠርጊዋለሽ።

ኪኒኑንም እንደ ጠላት አትዪው። እንቅልፍ የሚጥለው የድሮው ዓይነት ነው፣ ክሎርፌኒራሚን ሳይሆን አይቀርም የሰጡሽ። እንደ ሎራታዲን ያሉት አያስተኙም ማለት ይቻላል። ፋርማሲሽን "የማያስተኛውን" ብለሽ ጠይቂ።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ መኪና መንዳት ነው ሥራዬ። አገር ቤት እያለሁ አለርጂ የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። እዚህ በመጣሁ የመጀመሪያው ስፕሪንግ ምንም፣ ሁለተኛውም ምንም። ሦስተኛው ላይ ኤፕሪል ገባና አንድ ጠዋት ስነሳ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። ወንድሜ ደውሎ "እያለቀስክ ነው?" አለኝ፣ አገር ቤት ሰው የሞተ መስሎት ደንግጦ።

ኤፕሪል ላይ እዚህ መኪና ጥቁር ይሁን ነጭ አይለይም፣ ሁሉም ሽሮ የተነፋበት ነው የሚመስለው። ያ የሚታየው ቢጫ ዱቄት የጥድ ነው ይሉኛል፣ ትልቅ ስለሆነ እምብዛም አይጎዳም። ዋናው ጠላት ኦክ የሚባለው ዛፍ ነው፣ እሱ እንደ ጥዱ ጎልቶ አይታይም። ነጭ ጋዋን ስለ አደይ ያልከው ነገር በጣም ነው ያሳቀኝ፣ እዚህም ሰው ዋሽንግተን ሄዶ የቼሪውን አበባ ይራገማል። ኦክ ሲያልፍ ሜይ ላይ ሳሩ ይመጣል፣ ኦገስት መሐል ላይ ደግሞ ራግዊድ የሚባል አረም ይነሳና ውርጭ እስኪገድለው ድረስ አይለቅህም። ማረፊያችን የፈረንጁ ክረምት፣ የበረዶው ወቅት ብቻ ነው በለኝ።

ገንዘብ ሳላወጣ የጠቀመኝ ነገር ማታ ፀጉር መታጠብ ነው። ድሮ ጠዋት ነበር የምታጠበው። ቀኑን ሙሉ የሰበሰብኩትን ብናኝ ይዤ ትራሴ ላይ እተኛለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስስበው አድራለሁ፣ ጠዋት ለምን ባሰኝ እላለሁ! አሁን በር ላይ ጫማ፣ ጃኬቱ እዚያው ኮሪደር ላይ ይሰቀላል፣ ቀጥታ ሻወር። እህቴ፣ አንቺ ፀጉርሽ ሹሩባ ከሆነ በየቀኑ ማጠብ እንደማይታሰብ አውቃለሁ፣ ሻሽ አድርገሽ ውጪ፣ ስትገቢ ሻሹን ውጭ አራግፊው። ሚስቴ የምታደርገው እንደዚያ ነው።

ልብስ ውጭ ማስጣትም ተውን። ሚስቴ አንድ ጊዜ ነጠላዋን በረንዳ ላይ አስጥታ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ሄደች፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለታችንም ስናስነጥስ ሰው ኮቪድ መስሎት አጠገባችን ያለው አግዳሚ ባዶ ቀረ። መኪና ውስጥ መስኮት አልከፍትም፣ አየሩን እዚያው የሚያዞረውን ቁልፍ እጫናለሁ፣ የውስጥ ማጣሪያውን በዓመት አንዴ እቀይራለሁ።

የሰፈር ማርም ገዝቼ ሞክሬያለሁ። ክብደት ጨመርኩ።

አንድ ጥያቄ ለነጭ ጋዋን። ኤፕሪል ላይ ፖም ስበላ አፌ ውስጥ ያሳክከኛል፣ ከንፈሬም ይነዝረኛል። በፖም ኬክ መልክ ስበላው ምንም አይለኝም። ደግሞ አንዲት ደንበኛዬ ካሞማይል ሻይ ጠጣ አለችኝ፣ ራግዊዱ ሰሞን ጠጥቼው የባሰ አሳከከኝ። እኔ ነኝ ወይስ ሻዩ?

ነጭ_ጋዋን፦

@ቨርጂኒያ_ነኝ ሻዩ ነው። ካሞማይል የራግዊድ ዘመድ ነው፣ ሰውነትህ አንዱን ከአንዱ አይለይም። "የተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም" የሚለው ንግግር እንደዚህ ነው ሰው የሚያስት። ፖሙም እንደዚያው ነው፣ በርች የሚባለው ዛፍ ብናኝና ፖም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይመሳሰላሉ፣ ካሮትም እንደዚያ የሚያደርገው ሰው አለ። ሲበስል ፕሮቲኑ ስለሚፈርስ ነው ኬኩ ዝም የሚልህ። ማሳከኩ አፍ ላይ ብቻ ከቀረ ልጠህ ወይ አብስለህ ብላ፣ ለብዙ ሰው ይበቃዋል። ጉሮሮህ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ግን ድንገተኛ ነው፣ ቀልድ የለም።

ፒያሳ_ነበርኩ፦

እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ከምንሠቃይ ዝናብ እስኪመጣ ቤት ብንቀመጥስ 😂 ቁም ነገሩ ግን ዝናብ የዘነበ ዕለት ቀለል ይለኛል፣ ደረቅና ነፋሻ ቀን ደግሞ ያርደኛል። ሩጫዬን ወደዚያ ቀየርኩ፣ ከዝናብ በኋላ ወይም ማታ። ሌላው ቀን ማስክ። ኮሮና ያስተረፈልን አንድ ጥሩ ነገር፣ ማስክ አድርገህ ስትሄድ ማንም አያፈጥብህም።

ይማርሽ_የሰለቻት፦

ቤቶች ተመልሻለሁ፣ 12 ቀን ሆነኝ። ሪፖርት ይዤ ነው የመጣሁት።

ጨው ውሃው። የመጀመሪያ ቀን ጨው አብዝቼ ልሞት ነበር፣ ማንኪያዬን ቆልዬው ነበር ለካ። ባሌ ገንዳው ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ አይቶ ማን ምን አለሽ አለኝ። በአራተኛው ቀን ተላመድኩት፣ አሁን ማታ ማታ ሳላደርገው መተኛት አልችልም። ማታ አፍንጫዬ ክፍት ነው! በአፌ መተንፈስ ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት አሁንም አስነጥሳለሁ፣ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ቫዝሊኑም ታክሲ ውስጥ ይረዳኛል፣ ቢሮ ስደርስ በሶፍት ስጠርገው ሶፍቱ ላይ የሚወጣውን አቧራ ብታዩ! ኪኒኑን አልተውኩትም፣ ወደማያስተኛው አስቀየርኩት እንጂ፣ በጣም የነፈሰ ቀን እወስዳለሁ።

እትዬ፣ እናቴን አስነበብኳት፣ ስለ ዳማከሴው "ይቺ ሴትዮ ዐዋቂ ናት" አለች። ከእኔ አፍ ቢሆን አትሰማም ነበር። ጥቁር አዝሙዷንም ቋጥራ ላከችልኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ ሥራ ላይ ሳሸት ሰው ምን ይዘሽ ነው ይለኛል።

አሁን ዋናውን ወሬ ልንገራችሁ። ነጭ ጋዋን ሰርዶ ሲል ቆይ ቆይ አልኩና መኝታ ቤታችን መስኮት ስር ሄጄ አየሁ። ግቢው ውስጥ ሌላ ቦታ ሁሉ ሲሚንቶ ነው። እዚያች ብቻ አንድ አራት ካሬ የምትሆን ሰርዶ አለች፣ እግሯ እንደ ወፍ እግር የተበተነ ቀጫጭን አበባ አውጥታ ቆማለች። በጣቴ ነካ ባደርጋት ጢስ የመሰለ ነገር ተነሳ፣ እዚያው ቆሜ አምስት ጊዜ አስነጠስኩ። እና እሷን ማን ተከላት መሰላችሁ? እንቁራሪት የሚለኝ ሰውዬ። ለልጆቹ መጫወቻ ብሎ፣ ከሦስት ዓመት በፊት። ሕመሜ የባሰው መቼ ነው? ከሦስት ዓመት በፊት።

ይነቀል አልኩ። አይነቀልም፣ ይታጨዳል አለ። አሁን የተስማማነው በየሳምንቱ ሳያብብ በፊት እሱ ሊያጭድ፣ እኔ ያን ቀን እናቴ ቤት ልሄድ ነው። እስኪታይ ድረስ መስኮቱ ተዘግቷል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ኅዳር 12 ላይ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ሲያቃጥል እኔ ሁልጊዜ ነው የምታመመው። እሱም አለርጂ ነው?

እትዬ_ጤናዳም፦

እሰይ ልጄ፣ እናትሽን ሳሚልኝ።

ኅዳር ሲታጠን የቆየ ነገር ነው። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ የተባለው ሰው ከጨረሰ ወዲህ ነው አያቶቻችን ሲያጥኑ የኖሩት። ያኔ እነሱ የሚያቃጥሉት ቅጠላ ቅጠልና ጥራጊ ነበር። አሁን ፌስታልና ጎማ ሆኗል፣ እሱ እንኳን አንቺን ጤነኛውንም ያንቃል። ሰፈር ውስጥ ወጣቶቹን ጠርተሽ ላስቲኩን ለይታችሁ አውጡ በያቸው።

ነጭ_ጋዋን፦

እውነት ነው። ጢስ አለርጂ ራሱ አይደለም፣ የቆሰለ አፍንጫ ላይ ግን ጨው እንደ መነስነስ ነው። የዚያን ቀን ከንጋት በፊት መስኮት ዝጊ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኚ፣ ማታ ጨው ውሃሽን ሁለት ጊዜ አድርጊ። ኢንሄለር፣ ያቺን የአስም መንፊያ፣ የሚጠቀም ሰው ቤታችሁ ካለ መንፊያዋ አጠገቡ ትሁን።

የብርድ_አገር_ልጅ፦

ማንኪያው ግን ልሙጥ ብዬሽ ነበር እኮ 😂